ጳጳሳቸውን በጀልባ ያሻገሩ ሰዎች



በአገራችን «ፕሮቴስታንት» ሲባል ለብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን ኪቦርድና ጊታር፣ በልሳን የሚጸልይ ጉባኤ፣ ቢራ የማይቀምስ ምእመን ነው። ዛሬ የማነሳላችሁን ቤተ ክርስቲያን በዚህ መልክ ብትፈልጓት አታገኟትም። ቄሱ ነጭ ልብሰ ተክህኖ ለብሶ ሥርዓተ አምልኮውን ከመጽሐፍ እያነበበ ይመራል፤ መሠዊያው ላይ ሻማ ይበራል፤ ሕፃን ይጠመቃል፤ ያሻው ምእመን ያማትባል። መጠጥም ስካር እስካልሆነ ድረስ ኃጢአት አይባልም፤ መሥራቾቿ ጀርመኖች ናቸውና ሌላ መጠበቅም የዋህነት ነው። በትምህርተ ሃይማኖት ግን ከአሜሪካ ወግ አጥባቂ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መካከል በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። የሚዙሪ ሲኖዶስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ትባላለች።

እሷን የመረጥኩት አነሳሷ ስለሚገርመኝ ነው። ወግ አጥባቂ የሃይማኖት ማኅበር ሲባል ክንደ ብርቱ መሪና አንገቱን የደፋ ተከታይ አብረው ይታሰቡናል። ሚዙሪ ሲኖዶስ ግን መጽሐፏን እንዲህ ሙጥኝ ያለችው አንድን ሰው ከልክ በላይ አምና ጉድ ከሆነች በኋላ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ጀርመን አገር፣ ከአንድ ንጉሥ ጓዳ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሪድሪክ ዊልሄልም ሣልሳዊ የተሐድሶው መምህር የካልቪን ተከታይ ነበር፤ ሚስቱ ንግሥት ሉዊዘ ደግሞ ሉተራን። ባልና ሚስት አብረው መቁረብ አልቻሉም። ንግሥቲቱ በሞተች በሰባተኛው ዓመት፣ በ1817፣ ሉተር ተሐድሶን የጀመረበት 300ኛ ዓመት ሲከበር ንጉሡ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት እንዲዋሐዱ ጠራ። በ1830 ደግሞ አዲስ ያዘጋጀው የአምልኮ ሥርዓት በግዛቱ ሁሉ እንዲሠራበት አዘዘ።

አንድነት ምን ክፋት አለው? ትሉ ይሆናል። ጠቡ ያረፈው ቄሱ ቁርባኑን ሲያቀብል በሚናገራት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሉተራን ኅብስቱና ወይኑ በእርግጥ የክርስቶስ ሥጋና ደም ነው ብሎ ያምናል። የካልቪን ተከታይ ምእመኑ ክርስቶስን የሚቀበለው በመንፈስ ነው ይላል። አዲሱ ሥርዓት ዘዴ ፈጠረ፦ ቄሱ «ይህ የክርስቶስ ሥጋ ነው» ብሎ በራሱ አንደበት ከመመስከር ይልቅ፣ ክርስቶስ እንዲህ ብሏል ብሎ እንዲጠቅስ ብቻ አደረገው። ሰሚው በየልቡ እንደሚመቸው ይተርጉመው ማለት ነው። ለቤተ መንግሥቱ ይህ አስታራቂ ሐሳብ ነበር፤ ለአጥባቂው ሉተራን ግን ክህደት። እምቢ ያሉ ቄሶች ታሰሩ። በ1834 የገና ዋዜማ ሰሞን ሆኒገርን በምትባል የሲሌዥያ መንደር ምእመናኑ የዘጉትን ቤተ ክርስቲያን ወታደር መጥቶ በኃይል አስከፈተ።

የእኛ ባለታሪኮች የመጡት ግን ከጎረቤት አገር፣ ከሳክሶኒ ነው። እዚያ የፕሩሲያው ንጉሥ አዋጅ አይደርስም፤ ያስጨነቃቸው ከዩኒቨርሲቲውና ከመድረኩ የሚሰማው፣ ተአምራትን የሚጠራጠርና ኢየሱስን የሥነ ምግባር አስተማሪ ብቻ አድርጎ የሚያስቀረው ትምህርት ነው። በላይፕዚግ ጥቂት የነገረ መለኮት ተማሪዎች እየተሰበሰቡ ይጸልዩ፣ ይጾሙ፣ እድን ይሆን ወይ እያሉም ይጨነቁ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ካርል ፈርዲናንድ ዊልሄልም ዋልተር የተባለ የቄስ ልጅ ነው። በጭንቀቱና በጾሙ ሰውነቱ መነመነ። በመጨረሻ ድሬስደን ለሚያገለግለው ለቄስ ማርቲን ስቴፋን ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ ሲደርሰው ቶሎ አልከፈተውም፤ የሐሰት መጽናናት ተቀብዬ እንዳልጠፋ ብሎ አስቀድሞ ጸለየ። ከዚያ አነበበው፤ ነፍሱም አረፈች። ይህችን ደብዳቤ ልብ በሉልኝ፤ ዋልተር ለዚህ ሰው ያለበት ውለታ እውነተኛ ነበር።

ስቴፋን ምክር ፈላጊው ከሩቅ የሚመጣለት የንስሐ አባት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ወጣት ቄሶች ያለ እርሱ ፈቃድ ምንም የማያደርጉ ሆኑ። የሌሊት ስብሰባዎቹና የሌሊት ሽርሽሮቹ ሐሜት አስነሡ፤ በ1837 ከአገልግሎት ታገደ። ተከታዮቹ ይህን ሁሉ የእውነተኛ እረኛ መስቀል አድርገው ቆጠሩት፤ የሚከሰሰው ጻድቅ ስለሆነ ነው አሉ። እንዲህ ያለውን ማስተባበያ እኛም አገር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

በ1838 መገባደጃ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ገንዘባቸውን በአንድ ካዝና አዋጥተው፣ ስቴፋንን ተከትለው በአምስት መርከብ ከብሬመን ወደ አሜሪካ ተነሡ። ቄሶች፣ ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ገበሬ፣ የእጅ ባለሙያ ነበሩበት። አማሊያ የተባለችው መርከብ የውኃ ሽታ ሆና ቀረች፤ የተሳፈሩባት ከ50 በላይ ሰዎች የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የቀሩት አራቱ ኒው ኦርሊንስ ደረሱ። ስቴፋን በተሳፈረበት በኦልበርስ ላይ፣ ገና ባሕር ላይ እንዳሉ፣ በጃንዩዋሪ 1839 ጳጳስ ሆኖ ተመረጠ። በፌብሩዋሪ ደግሞ በሚሲሲፒ ወንዝ ሽቅብ ሲጓዙ፣ ሰልማ በተባለች የእንፋሎት ጀልባ ላይ፣ በሃይማኖትም በኑሮም ጉዳይ ለጳጳሱ ሊታዘዙ ቃል የገቡበትን ሰነድ ፈረሙ።

በሚዙሪ ግዛት፣ ከሴንት ሉዊስ በስተደቡብ በፔሪ አውራጃ ከ4,000 ኤከር በላይ መሬት ገዙ። መንደሮቹን ዊተንበርግ፣ አልተንበርግ፣ ድሬስደን፣ ፍሮና ብለው ትተውት በመጡት አገር በሚገኙ ቦታዎች ስም ጠሯቸው። ጫካው ገና ሳይመነጠር ግን ሜይ 5 ቀን ሴንት ሉዊስ ላይ ከስደተኞቹ ቄሶች አንዱ ሎበር ሰበከ፤ ከስብከቱ በኋላ ሴቶች መጥተው ከጳጳሱ ጋር የነበራቸውን ነገር ተናዘዙ። ወሬውን ይዞ ወደ መንደሮቹ የተላከው ዋልተር ነበር፤ ያ ደብዳቤ የደረሰው ዋልተር። ሜይ 30 ስቴፋንን በዝሙት፣ በገንዘብ ብክነትና በሐሰት ትምህርት ከሰው ሻሩት። ወዲያውም በጀልባ አሳፍረው ሚሲሲፒን አሻገሩትና ኢሊኖይ ዳርቻ አወረዱት። የፍርዱ አካሄድ ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል፤ እኔ ራሴ ከሳሾቹም ዳኞቹም አንድ መሆናቸው አይጥመኝም። ስቴፋን በዚያው በኢሊኖይ አንዲት ትንሽ አጥቢያ ሲያገለግል ቆይቶ በ1846 ሞተ።

ጳጳሱ ሄደ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። አጥቢያቸውን፣ ዘመዳቸውን፣ አንዳንዱም ትዳሩን ትቶ የመጣው በዚህ ሰው ቃል ነው። ታዲያ እኛ ምንድን ነን? ቤተ ክርስቲያን ነን ወይስ የተታለለ መንጋ? ቄሶቻችንስ ማን ሾሟቸው? ያጠመቋቸው ልጆች ተጠምቀዋል? በዚያው በጋ ወባና ተቅማጥ ገባ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ የጋራው ካዝናም ተራቆተ። አንዳንዱ ቄስ ሕሊናው ስለወቀሰው አገልግሎቱን ለመተው አሰበ። ዋልተርም ታምሞ አጥቢያውን ለቀቀና አማቹ ቄስ ካይል ቤት ተኝቶ የሉተርን መጻሕፍት ያገላብጥ ጀመር።

በዚህ መካከል የሚናገሩት ምእመናን ነበሩ። በሳክሶኒ የመዛግብት ኃላፊ የነበረው ዶክተር ካርል ኤድዋርድ ፈዘ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ1839 የተቃውሞ ጽሑፍ አወጣ። ቃሉ ግልጽ ነው፦ ሥልጣኑ የጉባኤው ነው፤ ቄስ በጉባኤው ተጠርቶ የሚያገለግል እንጂ በጉባኤው ላይ የሚነግሥ አይደለም፤ ይህንንም ሉተር ራሱ አስተምሯል። ቄሶቹ መጀመሪያ አልወደዱትም። ፈዘም ተስፋ ቆርጦ ወደ ጀርመን ተመለሰ።

ውሳኔው የመጣው በኤፕሪል 1841 አልተንበርግ ላይ በተደረገ የአደባባይ ክርክር ነው። ጠበቃው አዶልፍ ማርባክ በአንድ ወገን ቆመ፤ ክርክሩም በአጭሩ መሠረታችን ኃጢአት ነው፣ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አይደለንም የሚል ነበር። ዋልተር ስምንት አንቀጽ ያህል ይዞ መለሰለት። ቤተ ክርስቲያን ከሰው ዓይን የተሰወረች የአማኞች ኅብረት ናት፤ የምትታወቀውም ወንጌሉ ሲሰበክና ምሥጢራቱ ሲፈጸሙ ነው። በስሕተት የተበከለ ማኅበር ውስጥ እንኳ ቃሉ ካልጠፋ ቤተ ክርስቲያን አለች። እንግዲያው እዚህ ጫካ ውስጥ ያሉት፣ ያለ ጳጳስም ቢሆን፣ ቄስ የመጥራት መብት አላቸው። የብዙዎች ልብ ያን ዕለት ተመለሰ። ይበልጥ የምወደው ግን ሌላ ነው፤ ዋልተር በዚያው መድረክ ለፈዘና ለጓደኞቹ ጽሑፍ በይፋ ምስጋና አቀረበ። የዚህች አጥባቂ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የተነደፈው፣ ተሸንፎ አገሩ በገባ ምእመን ብዕር ነው ማለት ይቻላል።

የክርክሩን ቦታ የሚያይ ሰው በአልተንበርግ ከግንድ የተሠራች አንዲት ክፍል ያገኛል። ሰዎቹ ገና መጠለያ ሳያዳርሱ፣ በዲሴምበር 1839፣ የከፈቱት ትምህርት ቤት ናት። ዕብራይስጥ፣ ግሪክና ላቲን ይማሩባት ነበር። ዛሬ ሴንት ሉዊስ ያለው ኮንኮርዲያ ሴሚናሪ ከእርሷ ወጣ።

ሲኖዶሱ ራሱ የተመሠረተው በኤፕሪል 1847 በቺካጎ ነው። ዋልተር ከሦስት ዓመት በፊት በጀመረው «ዴር ሉተራነር» ጋዜጣ አማካይነት ሌሎች ጀርመን ሉተራኖችን አግኝቶ ነበር፤ በተለይ ከባቫሪያ ቪልሄልም ሎኸ የሚልካቸውን። ይህ ሎኸ ኖየንደተልሳው ከምትባል የገጠር ከተማ ሆኖ፣ አሜሪካን አንድ ቀን ሳያያት፣ ለአሜሪካ ቄሶችና መምህራን እያሠለጠነ ይልክ ነበር። በሕገ ደንባቸው ላይ የሜይ 30 ጠባሳ በግልጽ ይታያል። ሲኖዶሱ ለአጥቢያዎች አማካሪ እንጂ አዛዥ አይደለም፤ በጉባኤው ላይ ቄሱና ከአጥቢያው የተላከው ምእመን እኩል ድምፅ አላቸው። ሎኸ ይህ ሕዝብን ማንገሥ ነው ብሎ ስላልተቀበለው ወዳጅነታቸው ተቋረጠ፤ የሎኸ ሰዎችም በ1854 የአዮዋን ሲኖዶስ አቋቋሙ።

ጳጳስ ከሌለ ታዲያ ማኅበሩን ምን ያስተሳስረዋል? መልሳቸው የጋራ የእምነት መግለጫ ነው። በ1580 የወጣው የስምምነት መጽሐፍ የአውግስቡርግን የእምነት መግለጫና የሉተርን ካቴኪዝሞች ጨምሮ የሉተራንን ትምህርት ይዟል። የሚዙሪ ቄስ ሲሾም ይህን መጽሐፍ የሚቀበለው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እስከተስማማ ድረስ ብሎ አይደለም፤ ስለሚስማማ ብሎ ነው። በ«እስከ» የሚፈርም ሰው የማይጥመውን አንቀጽ ነገ ሊያወጣ ይችላል፤ በ«ስለ» የሚፈርም በሩን ዘግቷል። ጠበቃ የሚጽፈው ውል ይመስላል።

ከዚያ በታች ያለው ትምህርት ለሉተራን ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ፣ በክርስቶስ ሥራ ብቻ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በመንፈስ የተጻፈና ስሕተት የሌለበት ነው፤ ስለ ፍጥረት ስድስት ቀንም ጭምር። ጥምቀት ምልክት ብቻ ሳይሆን ለሕፃኑም ጸጋ የሚሰጥ ነው፤ በዚህ ከአሜሪካ ባፕቲስቶች ጋር አይገናኙም። የክርስቶስን የሺህ ዓመት ምድራዊ መንግሥት አይጠብቁም፤ በዚህም ከብዙ የቴሌቪዥን ሰባኪዎች ተለይተዋል። ሴት ቄስ አይሾሙም፤ ሴቶች በአጥቢያ ጉባኤ ድምፅ እንዲሰጡ የተፈቀደው በ1969 ነው። የዋልተር የራሱ አሻራ በጣም የሚታየው ሕግና ወንጌልን በመለየት ትምህርቱ ላይ ነው። በስተእርጅናው አርብ አርብ ማታ ለሴሚናሪ ተማሪዎች ያስተምረው ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ይመስለኛል፦ ደንዳናውን በሕጉ አስደንግጠው፤ የደነገጠውን ግን ተጨማሪ ሕግ አትጫንበት፣ ምሕረቱን ብቻ ንገረው። የጾመውን የላይፕዚግ ተማሪ ያስታወሰ ሰው ይህ ትምህርት ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

ጥብቅነቱ ጎልቶ የሚታየው በቁርባን ነው። እንግዳ ሆናችሁ ብትገቡ የዕለቱ ፕሮግራም ወረቀት ላይ አንዲት ማሳሰቢያ ታገኛላችሁ፤ ከመቁረባችሁ በፊት ቄሱን እንድታነጋግሩ ትጠይቃለች። ሌላ ሉተራን ብትሆኑም ያው ነው። ለእነርሱ አብሮ መቁረብ በትምህርት ሁሉ ተስማምተናል ብሎ መመስከር ነውና። በጸሎትም እንዲሁ ይጠነቀቃሉ። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ከደረሰው ጥቃት በኋላ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም በተደረገ የጸሎት ሥነ ሥርዓት ላይ የሲኖዶሱ የአትላንቲክ ወረዳ ፕሬዚዳንት ዴቪድ ቤንኪ ከሙስሊም፣ ከአይሁድና ከሂንዱ መሪዎች ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ጸለየ። በዚህ ምክንያት ተከስሶ በ2002 ታገደ፤ በ2003 ይግባኙ ተሰምቶለት ተመለሰ። ሐዘን ላይ ባለ ከተማ እንዲህ ያለ ክስ መመሥረት ለብዙ አሜሪካዊ ጭካኔ ሆኖ ታየው። እኔም ክሱን አልደግፈውም፤ ከሳሾቹ ግን የሲኖዶሱን የቆየ ሥርዓት ተከትለው እንጂ አዲስ ነገር ፈጥረው አልነበረም።

መጽሐፉን ሙጥኝ ማለት ሁልጊዜ ወደ ቅን መንገድ አላደረሳቸውም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ዋልተር ባርነት በራሱ ኃጢአት አይደለም፣ መጽሐፍ ቅዱስ አልከለከለውምና ብሎ የባርነትን ተቃዋሚዎች ነቅፎ ጽፏል። የሚዙሪ ጎረቤቶቹ ባሪያ ያሳድሩ እንደነበር ሳስበው፣ ያን ገጽ በእጁ ባልጻፈው እላለሁ።

እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አብዛኞቹ በጀርመንኛ ያመልኩ፣ ልጆቻቸውንም በየአጥቢያው ትምህርት ቤት በጀርመንኛ ያስተምሩ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጀርመንኛ የጠላት ቋንቋ ሆነ። የነብራስካ ግዛት በ1919 ለትናንሽ ልጆች የውጭ ቋንቋ ማስተማርን ከለከለ፤ ሮበርት ማየር የተባለ የሉተራን ትምህርት ቤት መምህር ለአንድ ልጅ በጀርመንኛ ሲያስነብብ ተገኝቶ 25 ዶላር ተቀጣ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1923 ፍርዱ ተሻረለት። የወላጆች ልጅን የማስተማር መብት በአሜሪካ ሕግ ሲነሣ ዛሬም ይህ ጉዳይ ይጠቀሳል። ቋንቋውን ግን ፍርድ ቤት አላዳነውም፤ ሲኖዶሱ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። በ1930 ዋልተር ማየር የሚባል ሌላ ማየር «የሉተራን ሰዓት» የተባለውን የሬዲዮ ስብከት በእንግሊዝኛ ሲጀምር ከጀርመን ስደተኛ ውጭ ያለው አሜሪካ ሰማቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሰውን ከማመን መጽሐፍን ማመን ይሻላል ብለዋል፤ መጽሐፉን የሚያነበው ግን ሰው ነው። በ1960ዎቹ የኮንኮርዲያ ሴሚናሪ መምህራን መጽሐፍ ቅዱስን በታሪካዊ ትችት ዘዴ ማንበብ ጀምረው ነበር፤ የዮናስ ታሪክ የግድ የሆነ ነገር ነው ወይስ ምሳሌ ሊሆን ይችላል የሚል ዓይነት ጥያቄ ያነሡ ነበር። በ1969 ጄ. ኤ. ኦ. ፕሪውስ የሲኖዶሱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠና ምርመራ አዘዘ። በ1973 ጠቅላላ ጉባኤው ኒው ኦርሊንስ ላይ፣ ስደተኞቹ በወረዱባት ከተማ፣ ተሰብስቦ የፕሪውስን የትምህርት መግለጫ በድምፅ ብልጫ አጸደቀ፤ የመምህራኑንም አብዛኞች ትምህርት ኮነነ። በጃንዩዋሪ 1974 የሴሚናሪው ኃላፊ ጆን ቲትየን ታገደ። በቀጣዩ ወር አብዛኞቹ ተማሪዎችና መምህራን ግቢውን በሰልፍ ለቀው ወጡ፤ ስማቸው የተጻፈባቸውን ነጭ መስቀሎችም ሣሩ ላይ ተክለው ሄዱ። ከ50 መምህራን 45ቱ ወጡ። «የስደት ሴሚናሪ» አቋቋሙ፤ የተከተሏቸው አጥቢያዎች በ1976 ተገንጥለው በመጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ካለው ትልቁ የሉተራን ማኅበር፣ በ1988 ከተመሠረተው የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀሉ።

ወግ አጥባቂዎቹ የሚሉት፣ መጽሐፉ ተጠበቀ ነው። የወጡት የሚሉት፣ አማካሪ ሊሆን የተቋቋመ ጉባኤ ፈራጅ ሆነ ነው። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል። ሲኖዶሱ ዛሬ አባላቱ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርደዋል፤ ከሴሚናሪው ጠብ በፊት ከዚያ በእጅጉ ይበልጡ ነበር።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ክር ቀጭን ነው፤ ግን አለ። በጀርመን የ1830ዎቹና የ1840ዎቹ የሉተራን መነቃቃት ሳክሶኖቹን ወደ ሚዙሪ ሲነዳ፣ በሰሜን ጀርመን ሄርማንስቡርግ ላይ ደግሞ ሉዊ ሃርምስ የሚባል ቄስ የሚሲዮን ማኅበር እንዲያቋቁም ገፋፋው። ማኅበሩ በ1853 ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ሊልክ መርከብ አሠራ፤ ስሟንም በሐዋርያት ሥራ ላይ በተጠቀሰችው በኢትዮጵያ ንግሥት በህንደኬ ስም ጠራት። መርከቧ ወደ ታሰበው አገር መግቢያ አጥታ ሰዎቹ ደቡብ አፍሪካ ሰፈሩ፤ ኢትዮጵያ የገቡት በ1920ዎቹ መገባደጃ ነው። ከእነርሱና ከስዊድን፣ ከኖርዌይ ሚሲዮኖች ሥራ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች።

መካነ ኢየሱስ በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ግንኙነት በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ጉዳይ ምክንያት አቋረጠች። በዚያን ጊዜ ከሚዙሪ ሲኖዶስ ጋር የነገረ መለኮት ውይይት ተጠናከረ። ወዲያው ይዋሐዳሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ አልሆነም። መካነ ኢየሱስ ከ2000 ጀምሮ ሴቶችን ትሾማለች፤ የጴንጤቆስጤ መንፈስም በጉባኤዎቿ ሰፊ ቦታ አለው። በአባላት ብዛት ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ስለምትቆጥር ከሚዙሪ በብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ ታናሽ ሆና የምትሰማ አይደለችም። ሚዙሪዎች በበኩላቸው የሚከተሉት የዋልተርን ልዩነት ነው፦ በማኅበራችሁ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለች አንጠራጠርም፤ የመሠዊያ ኅብረት ግን በትምህርት ሁሉ መስማማትን ይጠይቃል። ስለዚህ በሥልጠናና በመምህራን ይረዳዳሉ፤ የሴቶች ሹመት ሲነሣ ግን ውይይቱ እዚያው ይቆማል።